ወደ ወንዝ የሚወጡት፦ የጣና ዓሣ አስጋሪነት ቅኝት

ስለ ጣና ዓሣ ወሬ በተጀመረ ቁጥር አንድ አኃዝ መነሣቱ አይቀርም፦ ሐይቁ በዓመት 10 ሺህ ቶንና ከዚያም በላይ ዓሣ ሊሰጥ ይችላል የሚለው። በዕቅድ ሰነድ፣ በስብሰባ ንግግር፣ በመመረቂያ ጽሑፍ መግቢያ ሳይቀር ሠፍሮ ይገኛል። ከጎኑ በየዓመቱ ተይዞ ለገበያ የወጣው ይጻፋል፤ እሱም ከዚያ በብዙ ያነሰ ነው። ሁለቱን አስተያይቶ የሚያነብ ሰው የሚደርስበት ቦታ የታወቀ ነው፦ ሐይቁ ገና አልተነካም፣ ጀልባና መረብ ይጨመርለት። እኔ ይህ ቁጥር ልክ ቢሆን እንኳ አሳሳች ነው ከሚሉት ወገን ነኝ። ቶን ክብደት ይለካል እንጂ የትኛው ዓሣ፣ በየትኛው ወር፣ በየትኛው ወንዝ አፍ ላይ እንደተያዘ አይናገርም። የጣና የንግድ ዓሣ ማስገር ወደ 40 ዓመት ያስቆጠረ ታሪኩ የተበላሸው ደግሞ በእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ላይ ነው።

ባሕር ዳር ገበያ ላይ የጣና ዓሣ በሦስት ስም ይሸጣል፦ ቆሮሶ፣ አምባዛ እና ነጭ ዓሣ። ሦስቱ አንድ ሳህን ላይ ይገናኙ እንጂ አኗኗራቸው ለየቅል ነው። ቆሮሶ የዳር ዓሣ ነው። ደንገልና ቄጠማ በበቀለበት፣ ጥልቀት በሌለው ውኃ ይራባል፤ እናቲቱ እንቁላሉን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች፤ በዓመት ውስጥም ከአንድ ጊዜ በላይ ልታራባ ትችላለች። አምባዛ ክረምቱ ሲገባ ውኃ በሚተኛበት የፎገራና የደምቢያ ረግረግ ላይ ይራባል፤ አየር መሳብ ስለሚችል ሌላው ዓሣ በሚሞትበት ጭቃ ውስጥ ይሰነብታል። ሁለቱም ብዙ መከራ ይችላሉ። ነጭ ዓሣ የሚባለው ግን ቀስ ብሎ የሚያድግ፣ ዕድሜው ረዘም ያለ፣ ለመራባት ዓመታት የሚፈልግ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ነጭ ዓሣ አንድ ዓሣ አይደለም።

ይህ እንዴት ሆነ ለማለት ወደ ሐይቁ ልደት መመለስ ግድ ነው። ጣና ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተዘረጋ፣ 3 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሸፍን ውኃ ነው። ዳር ቆሞ ማዶውን ማየት ያቃተው ሰው ጥልቅ ይመስለዋል፤ አማካይ ጥልቀቱ ግን 8 ሜትር ገደማ፣ ከሁሉ የጠለቀው ቦታም 14 ሜትር ያህል ነው። ከወለሉ ተቆፍሮ የወጣው ደለል እንደመሰከረው የበረዶው ዘመን ሊያከትም ሲል ሐይቁ ደርቆ ነበር፤ ዳግም የሞላው ከዛሬ 15 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ነው። በስተደቡብ ደግሞ 40 ሜትር ያህል የሚወረወረው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታች ወደ ላይ የሚመጣውን ዓሣ ሁሉ ያግዳል። በዚህ አዲስና በታጠረ ውኃ ውስጥ ከወንዝ የመጣ አንድ ዘር እየተለያየ ሄደ። አንዱ የውኃ ተክል በል ሆነ፣ አንዱ ቀንድ አውጣ ሰባሪ፣ አንዱ ከወለሉ ላይ ነፍሳት ለቃሚ። ስምንት ዝርያዎች ዓሣ አዳኝ ሆኑ። ይህ የመጨረሻው የዓሣ ሊቃውንትን የሚያስደምመው ያለ ነገር አይደለም፤ ነጭ ዓሣ የሚመደብበት የካርፕ ወገን ዓሦች በመንጋጋቸው ላይ ጥርስ ስለሌላቸው ሌላ ዓሣ አሳዶ መዋጥ በተፈጥሯቸው አይቀናቸውም። ጣና ላይ ሌላ ብዙ ተቀናቃኝ አልነበረምና ያለ ጥርስ አዳኝ ሆኑ።

ለብዙ መቶ ዓመታት የዚህ ውኃ ዋና ዓሣ አስጋሪዎች ነገደ ወይጦ ናቸው። ደንገል ቆርጠው፣ አድርቀውና ጠፍረው ታንኳ ይሠራሉ፤ ጉማሬ ያድኑ ነበር፤ ዓሣ ያሰግሩ ነበር፤ ዛሬም ያሰግራሉ። በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሮበርት ቺዝማን እ.ኤ.አ. በ1936 ስለ ጣናና ስለ ዓባይ ባሳተመው መጽሐፍ ስለእነሱ ጽፏል። እስልምናን ተቀብለው ሳለ ጉማሬ ስለሚበሉ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ጎረቤት ያርቃቸው ነበር። የቀድሞ ቋንቋቸው ጠፍቶ አፋቸውን የሚፈቱት በአማርኛ ነው። ባሕር ዳር ከተማ እየሰፋች ስትሄድም ከዳር ወደ ዳር የተገፉት እነሱ ናቸው። የሐይቁን ሀብት አስቀድሞ ያወቀው ሕዝብ በሐይቁ ላይ በወጣው ዕቅድ ሁሉ የመጨረሻውን መስመር መያዙ እስካሁን ያልተዘጋ ሒሳብ ነው።

የወይጦ መሣሪያ ወሰኑን በራሱ ያበጃል። የደንገል ታንኳ ውኃ ጠጥቶ ከመክበዱ በፊት የሚያገለግለው ለጥቂት ወራት ነው፤ ነፋስ ሲነሣ ወደ መካከል ደፍሮ አይገባም። ወጥመዱ፣ መንጠቆውና በእጅ የተሠራው መረብ የሚደርሰው ዳር ዳሩን ነው፤ ስለዚህ የሚያዘው በአብዛኛው ቆሮሶ ነበር። ገበያውም ሩቅ አልነበረም፤ ዓሣ በሙቀት እንደሚበላሽ የሚያውቅ ሰው በእግር ከሚደርስበት አያሳልፈውም። የአካባቢው ገበሬ ደግሞ ከዓሣ ይልቅ ለበሬና ለበግ የሚያደላ ነው። በዘጌ ልሳነ ምድር መሬት እንዳይታረስ ያደረገው የቆየ የገዳም ሥርዓት ደኑንና ቡናውን ጠብቆ እስከ እኛ ዘመን አድርሷል። የውኃውን ዓሣ ግን ጠብቆ ያቆየው ርቀትና ነፋስ ነው። ሐይቁን ማንም አላስተዳደረውም፤ አቅም ማነሱ አስተዳደረው። ይህን የምለው ያለፈውን ለማሞገስ አይደለም። እነዚያ ወሰኖች አንድ በአንድ ሲነሡ በምትካቸው የተቀመጠ ነገር እንዳልነበረ ለማስታወስ ነው።

ወሰኖቹ ከመነሣታቸው በፊት ግን በሩቅ አገር፣ በሙዚየም መደርደሪያ መካከል የሆነ አንድ ነገር አለ። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፐል በ1830ዎቹ መጀመሪያ አገራችንን ጎብኝቶ ሲመለስ ከጣና የወሰዳቸውን ነጭ ዓሦች በተለያዩ ዝርያዎች ለይቶ ሰየማቸው። ጣሊያን አገሪቱን በያዘችበት ዘመን ወደ ሐይቁ የላከችው የጥናት ቡድን ተከተለ፤ ጆርጆ ቢኒ እ.ኤ.አ. በ1940 ባወጣው ሥራ ነጭ ዓሦቹን በብዙ ዝርያና ንዑስ ዝርያ ከፋፈላቸው፤ አንደኛው እስከ ዛሬ የጎርጎራን ስም ይዞ ይኖራል። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1973 እንግሊዛዊው ባኒስተር የምሥራቅና የመካከለኛው አፍሪካን ትልልቅ ባርበስ፣ ማለትም የነጭ ዓሣን ወገን፣ ሲከልስ፣ ልዩነታቸው የአንድ ዝርያ መልክ መቀያየር ነው ብሎ የጣናዎቹን ከሞላ ጎደል በአንድ ስም ጠቀለላቸው። በወረቀት ላይ ያ ሁሉ ዓሣ አንድ ሆነ። የሞተር ጀልባዎቹ ጣና የደረሱት ሳይንሱ እንዲህ ባለበት ጊዜ መሆኑ እንደ ዋዛ የሚታለፍ አይመስለኝም። በመላው ምሥራቅ አፍሪካ የተሠራጨ አንድ ዓሣ ነው ተብሎ የተመዘገበን ዓሣ ያልቃል ብሎ የሚሰጋ ማን ነው?

ጀልባዎቹ የመጡት እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። ከኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንና ከግብርና ሚኒስቴር ጋር ሁለት የኔዘርላንድ ግብረ ሠናይ ድርጅቶች የጣና የዓሣ ሀብት ልማት ፕሮጀክትን ጀመሩ። አንደኛው የመጣው ኡርክ ከምትባል የዓሣ አስጋሪዎች ከተማ ነው። ኡርክ በአንድ ወቅት በባሕር መካከል ያለች ደሴት ነበረች፤ እ.ኤ.አ. በ1932 ባሕሩ በግድብ ሲዘጋ ጨዋማው ውኃ ወደ ጨው አልባ ሐይቅ ተለወጠባት፣ ቆይቶም ዙሪያዋ ደርቆ ከየብስ ጋር ተያያዘች። ውኃ ሲለወጥ ዓሣ እንዴት እንደሚለወጥ ከዚህ ሕዝብ በላይ የሚያውቅ መኖሩን እጠራጠራለሁ። ይዘው የመጡት ግን በቅን ልብ የታሰበ፣ በዚያ ዘመን ልማት የሚባለውን ሁሉ ነበር፦ የናይለን መረብ፣ ሞተር፣ ጀልባ፣ ሥልጠና፣ የማኅበር አደረጃጀት። አገሪቱ ከ1977 ዓ.ም. ረኃብ ገና አልወጣችም፤ ፕሮቲን ሐይቅ ውስጥ ተኝቷል የሚለው ክርክር መልስ አልነበረውም።

እንደታሰበውም ሆነ። በሞተር ጀልባ የሚያዘው ዓሣ እ.ኤ.አ. በ1987 ከነበረበት 39 ቶን በ1997 ወደ 360 ቶን አደገ፤ ይህን የመዘገበው ተስፋዬ ውድነህ የባሕር ዳርን ሰላጤ የዓሣ ክምችት አጥንቶ በ1998 በዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ባቀረበው ሥራ ነው። በአሥር ዓመት ዘጠኝ እጥፍ! በየትኛውም የልማት ሪፖርት ላይ ቢቀመጥ የሚያስጨበጭብ ነው። በዚያው ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች ግን በመረቡ ውስጥ ያለውን ዓሣ አንድ በአንድ ማየት ጀምረው ነበር። ሌኦ ናጌልከርኬና ፈርዲናንድ ሲቢንግ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጡት ጽሑፍ የጣና ነጭ ዓሣ በአፉ አቀማመጥ፣ በአካሉ ቅርጽ፣ በሚበላውና በሚኖርበት ጥልቀት የሚለያይ የተረሳ የዝርያዎች ቤተሰብ ነው አሉ፤ ቆይተውም 15 ዝርያ መሆኑን አጸኑ። ዓሣው ብዙ መሆኑ ዳግም የታወቀው ማስገሩ ከተጀመረ ስምንት ዓመት በኋላ ነው ማለት ነው።

ከዚያ የመጣው መርዶ ነው። ማርቲን ደ ግራፍና ባልደረቦቹ በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተደረገውን ናሙና አወሳሰድ በ2001 ደገሙት። በአሥር ዓመት ልዩነት የነጭ ዓሣው ክምችት በክብደት 75 በመቶ ያህል ወርዶ ተገኘ። ቆሮሶና አምባዛ በዚያው ዘመን እንዲህ አላሽቆለቆሉም። የቀጠለው ሥራ ደግሞ ይበልጥ ያስደነግጣል፤ ገና ለመረብ ያልደረሱት የነጭ ዓሣ ግልገሎች 90 በመቶ ያህል ቀንሰዋል።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያሻል፤ የጣናን ጉዳይ ከሌላው የሚለየው ይህ ነውና። ለንግድ የሚጣለው መረብ ዐይኑ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነበር፤ ግልገል ያሳልፋል። ግልገሉ አልተያዘም፤ ታዲያ የት ሄደ? መልሱ ያልተወለደ ዓሣ አይያዝም ነው። የጠፉት ወላጆቹ ናቸው። ስለ ዓሣ ጥበቃ ስንነጋገር ቀድሞ የሚታሰበን የመረብ ዐይን ማስፋት ነው፤ ትንሹ ይለፍ፣ ትልቁ ይያዝ ነው ነገሩ። ጣና ላይ ግን ትልቁ የሚያዘው ሊራባ ሲሄድ በመንገድ ላይ ነው። ከ15ቱ ዝርያዎች ግማሽ ያህሉ ክረምቱ ሲከር፣ ከሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ እስከ ጥቅምት፣ ከሐይቁ ወጥተው ወደ ወንዝ ይሄዳሉ፦ ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ መገጭ፣ ወደ ድርማ፣ ወደ አርኖ ጋርኖ። መጀመሪያ ወንዙ ከሐይቁ በሚገናኝበት አፍ ላይ ይሰበሰባሉ፤ ጎርፉ ሲመጣላቸው ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ጠጠር ያለበት፣ ውኃው ጠራ ብሎ የሚወርድበት ገባር ሲደርሱ እንቁላላቸውን ጥለው ይመለሳሉ። ዓመቱን ሙሉ በ3 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ውኃ ላይ ተበትኖ የኖረ ዓሣ በእነዚያ ሳምንታት በጥቂት መቶ ሜትሮች ውስጥ ይታጎራል። መረቡን እዚያ ያልጣለ አስጋሪ እንደ ሞኝ ቢቆጠር አይፈረድበትም። ጀልባው፣ ናይለኑና የገበያው ጥሪ ወደዚያ ቦታ ነው የመሩት፤ ታንኳ ብቻ በነበረበት ዘመን ያን ያህል መረብ እዚያ አይደርስም ነበር።

ወንዙ ውስጥ የገባውም አይተርፍም። በአንዳንድ ቦታ ወንዙ በአጥር ይዘጋና ዓሣው ይጠመዳል፤ በሌላ ቦታ የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ይበተንና ትንሽ ትልቅ ሳይል ደንዝዞ ይንሳፈፋል። የሐረማያው ተመራማሪ አበበ አመሐ ብርብራ በጉማራ ዓሦች ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ለብቻው አጥንቶታል። ለግንባታ ተብሎ ከወንዝ የሚዛቀው አሸዋና ጠጠር ደግሞ እንቁላሉ የሚያርፍበት አልጋ ነው።

ሕጉ የመጣው ይህ ሁሉ ከታወቀ በኋላ ነው። የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ወጣ፤ የአማራ ክልልም በዚያው እ.ኤ.አ. በ2003 የራሱን አዋጅ፣ በ2007 ደግሞ ማስፈጸሚያ ደንቡን አወጣ። ለንግድ የሚያሰግር ፈቃድ እንዲያወጣ፣ መርዝና ፈንጂ እንዳይነካ፣ መሣሪያው እንዲወሰን፣ ተቆጣጣሪ እንዲመደብ ይላል። አዋጁን ክፉ የሚለው የለም። ችግሩ ጣና ዙሪያ ያለው ዓሣ አስጋሪ በመዝገብ የታወቀው ብቻ አለመሆኑ ነው። ማሳው የጠበበበት ወጣት፣ ሥራ ያጣ የገጠር ልጅ፣ በጋ ላይ ብቻ ወደ ውኃ የሚወርድ ገበሬ አለ። ታንኳ ለመሥራት ፈቃድ አያስፈልግም። ሐይቁ የመንግሥት ነው ተብሎ የተጻፈ ቢሆንም በተግባር ቀድሞ የደረሰ ሁሉ የሚያሰግርበት ነው፤ ማኅበራቱ ሕግ ቢያከብሩ ያተረፉትን ያልተመዘገበው ይወስደዋል። ይህን የሚያውቅ የማኅበር አባል ሕግ አክባሪ ሆኖ እስከ መቼ ይቆያል?

በሚቀጥሉት ዓመታት ሁለት ነገሮች ተደራረቡ። አንደኛው የሱዳን ገበያ ነው። ጣና ላይ ዓሣ ለማስገር ትልቁ እንቅፋት የበረዶ እጦት ነበር፤ ማቀዝቀዣ በሌለበት በሐይቁ ሰሜንና ምዕራብ ዳርቻ የተያዘው በዚያው ቀን ካልተበላ ይጣላል። ሱዳኖች ግን በፀሐይ የደረቀ ዓሣ ይወዳሉ፤ ቀጀይክ ይሉታል። ተልጦና ተዘልዝሎ፣ ቋንጣ ሆኖ በመተማ በኩል የሚሻገር ዓሣ በረዶም ጀልባም አይፈልግም። ሩቅ የነበረው ዳርቻ ሁሉ በአንድ ጊዜ የገበያ ዳርቻ ሆነ። ሁለተኛው ሞኖፊላመንት የሚባለው፣ ከአንድ ወጥ ፕላስቲክ ክር የሚሠራው መረብ ነው። በኮንትሮባንድ ይገባል፣ ዋጋው ርካሽ ነው፣ ውኃ ውስጥ ስለማይታይ ዓሣ አይሸሸውም፣ ዐይኑም ጠባብ ነው። ቶሎ ይቀደድና ይጣላል፤ ተጥሎም ውኃ ውስጥ ዓሣ መያዙን አያቆምም። የ1980ዎቹ መረብ ወላጅ ሲወስድ ይህኛው ግልገሉንም ደረበ። በየጊዜው ተይዞ ሲቃጠል በቴሌቪዥን እናያለን፤ በሚቀጥለው ወር አዲሱ ይገባል። መረብ የሚቃጠለው ዳር ላይ ነው፤ የሚገባው ግን በድንበር ነው። ለምን ድንበሩ ላይ እንደማይያዝ የሚጠየቀው አካል የዓሣ ባለሙያው አይደለም።

ስለ ውኃው ራሱ ብዙ ተጽፏልና በአጭሩ ልለፈው። በዓባይ መውጫ ላይ እ.ኤ.አ. በ1996 የተሠራው የጨረጨራ ግድብ የሐይቁን ከፍታ ለኤሌክትሪክ እንዲገዛ አደረገው፤ በ2003 ድርቅና የኃይል ማመንጫ ፍላጎት ተደርበው ውኃው እጅግ ወርዶ መርከቦች ለወራት ቆመዋል፣ የደንገሉ ዳርቻ በደረቅ ቀርቷል፤ ቆሮሶ የሚራባው እዚያ እንደነበር አንርሳ። በ2010 ሥራ የጀመረው የጣና በለስ ማመንጫ 460 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የሐይቁን ውኃ በምዕራብ በኩል ይወስዳል። ፎገራ የሩዝ አገር ሆኗል፤ ሩዙ ብዙ ቤት አቅንቷል፣ ግን የተዘራው አምባዛ ይራባበት በነበረው ረግረግ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በይፋ የታወቀው የእንቦጭ አረም ሰሜን ምሥራቁን ዳርቻ ሲሸፍን አገሩ ሁሉ ተነሣ፤ ገንዘብ ተዋጣ፣ ማሽን ተገዛ፣ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ በእጁ ነቀለ። እንቦጭ በዓይን ይታያል፤ ለዚህ ነው ሕዝብ ያነሣሣው። የነጭ ዓሣ መጥፋት በዓይን አይታይም፤ ሳህኑ ላይ ቆሮሶ እስካለ ድረስ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 ጣናን የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ብሎ ሲመዘግብ ካስጠቀሱት ሀብቶች አንዱ ይህ የማይታየው ነው።

በዓሣው ብቻ ካየነው ከሁሉ የሚያሳስበኝ የወንዞቹ ግድብ ነው። የርብ ግድብ ተሠርቷል፣ የመገጭ ተጀምሮ ዓመታት አልፈውታል። መስኖ አያስፈልግም የሚል ሰው የለም፤ እኔም አልልም። ነገር ግን የሚገደቡት ወንዞች እነዚያው የመራቢያ ወንዞች ናቸው። ለእንቁላል የሚወጣ ዓሣ የሚከተለው የክረምቱን ጎርፍ ነው፤ ጎርፉ በግድብ ሲያዝ ምልክቱን ያጣል፣ ጠጠሩም በደለል ይለበዳል።

ጣና ብቻውን አይደለም፤ ዘመድ ነበረው። በፊሊፒንስ ሚንዳናዎ ደሴት ላይ ላናዎ የሚባል ሐይቅ አለ፤ ልክ እንደ ጣና ከአንድ የካርፕ ወገን ዘር የበቀሉ ብዙ ዝርያዎች ይኖሩበት ነበር። ከሌላ ቦታ የመጡ አዳኝ ዓሦች ገቡበት፣ ማስገሩም በዛ። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መዝገብ ከሐይቁ 17 ብቸኛ የዓሣ ዝርያዎች 15ቱ ጠፍተዋል ብሏል። እንዲህ ያለ የካርፕ ወገን የዝርያ ቤተሰብ ዛሬ የሚገኝበት ብቸኛው ትልቅ ሐይቅ ጣና ነው። ቪክቶሪያ ሐይቅ የሚሰጠን ትምህርት ደግሞ ሌላ ነው። በ1950ዎቹ የተጨመረበት የናይል ፐርች ለሦስት አገሮች የውጭ ምንዛሪ አመጣ፣ በመቶ የሚቆጠሩ ትንንሽ ዝርያዎችንም አጠፋ። በቶን ከቆጠርነው ቪክቶሪያ አልከሰረም፤ እንዲያውም አተረፈ። ለዚህ ነው ቶን ብቻውን ዳኛ አይሁን የምለው። ከዚሁ ከአገራችን እንኳ የጫሞ ሐይቅ የናይል ፐርች ገበያውን እንዳጠገበ በጥቂት ዓመታት እንዴት እንደመነመነ የአርባ ምንጭ ሰው ይነግራችኋል።

ጣና ላይ ያልተነካ ዓሣ አለ ቢባል ውሸት አይደለም። እሸቴ ደጀን እ.ኤ.አ. በ2003 ባጠናቀቀው ጥናቱ ያሳየው በሐይቁ መካከል በብዛት የሚኖሩ፣ ጣት የሚያህሉ ትንንሽ ባርበሶች መኖራቸውን ነው። እነሱን በጥቃቅን መረብ አስግሮ ማድረቅ ይቻላል የሚል ሐሳብ አብሮ ይነሣል፤ በቶን ስሌት የሚጓጓለት እሱ ነው። ግን ስምንቱ ዓሣ አዳኝ ዝርያዎች የሚበሉት እነዚህኑ ነው። ወላጁን በወንዝ አፍ ወስደን፣ ቀለቡን በሐይቁ መካከል ወስደን የሚተርፈው ምን እንደሆነ መገመት አያዳግትም።

ታዲያ ምን ይደረግ? 3 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በጥቂት የቁጥጥር ጀልባ ማስጠበቅ የትኛውም ክልል አይችልም፤ ክልሉ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ባለበት ጦርነት ደግሞ ጭራሽ የማይታሰብ ነው። ጥሩው ነገር የጣና ነጭ ዓሣ ይህን ያህል አለመጠየቁ ነው። ሊጠበቅ የሚገባው ሐይቁ ሁሉ ሳይሆን አምስት ስድስት የወንዝ አፍ፣ ዓመቱ ሁሉ ሳይሆን ሦስት ወር ነው። ተመራማሪዎቹም ከመጀመሪያው ያሉት ይህንኑ ነው። ታንጋኒካን የሚጋሩ አራት አገሮች በዓመት ሦስት ወር ሐይቃቸውን ለማሳረፍ ተስማምተው ታንዛኒያ እ.ኤ.አ. በ2024 ከሜይ አጋማሽ እስከ ኦገስት አጋማሽ ማስገርን ዘግታለች፤ ያ ግዙፍ ሐይቅ ነው፣ የሚዘጋውም በጥቅሉ ነው። ጣና ላይ ሰላጤው ክፍት ሆኖ፣ ቆሮሶና አምባዛ እየተያዘ፣ የወንዙ አፍ ብቻ ቢዘጋ ዓሣ አስጋሪው ጨርሶ ጦሙን አያድርም። ጠባቂውም ከባሕር ዳር ባይመጣ እመርጣለሁ፤ የጉማራን አፍ የሚያውቀው የጉማራ ሰው ነው፣ ደንገሉ የሚቆረጥበትን የሚያውቀው ወይጦ ነው። ለእነዚያ ሦስት ወራት የቀን አበል ተቆርጦላቸው አጥሩን የሚያነሡት፣ ሌሊት የተጣለውን መረብ የሚያወጡት እነሱ ቢሆኑ ለአንድ የእንቦጭ ማሽን ከሚወጣው ገንዘብ በላይ የሚጠይቅ አይመስለኝም።

የቀን መቁጠሪያውም ያግዛል። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ገና አልተቋጨም፣ ገበያው ግን ለራሱ ወስኗል፤ የዓሣ ዋጋ ጣሪያ የሚነካው በዐቢይ ጾም፣ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ነው። የመራቢያው ወቅት ከዚያ ርቆ በክረምት ይውላል። መንገዱ ጭቃ፣ ቋንጣ የሚያደርቀው ፀሐይ የጠፋ፣ ገበሬውም በአረም የተያዘ ስለሆነ በዚያ ጊዜ ማስገር ቢቆም የሚጎድለው ገቢ ከሌላው ወር ያነሰ ነው። አስቸጋሪው ከነሐሴ 1 እስከ 15 ያለው ፍልሰታ ነው። ፈላጊው ከተማ ውስጥ የሚነሣውና ነጭ ዓሣው በወንዝ አፍ መሰብሰብ የሚጀምረው በተመሳሳይ ሳምንት ነው። የመጀመሪያው ዓመት ሙከራ የሚሳካ ወይም የሚከሽፈው በእነዚያ 15 ቀናት በጉማራና በርብ አፍ ላይ ሌሊት ማን እንደሚገኝ ታይቶ ነው፤ የቀረው ሁለት ወር ተኩል ከዚያ ይቀላል።